የብስክሌት ዙርና የአሶሳ መንገድ

በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተደርጎ ነበር። በመጨረሻው ቀን በተደረገው የወንዶች ውድድር፣ 267 ኪሎ ሜትር ከሚሆን ዳገትና ቁልቁለት በኋላ የስሎቬንያው ተወላጅ ታዴይ ፖጋቻር አንደኛ ሲወጣ፣ አብረውት ከተነሡት ከ160 ከሚበልጡት ሰዎች መካከል እስከ መጨረሻው የዘለቁት 30 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት የሚወዱ ወዳጆቻችን ባገኙን ቁጥር አንድ ጥያቄ ያነሡልናል። ሩዋንዳ በስፋቷ የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልል እኩሌታ ያህል ብትሆን ነው፤ እርሷ ይህን ካደረገች እኛን ምን ነካን? ይሉናል።

ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ወዳጆቻችን የዘነጉት ነገር ያለ ይመስለናል። ሩዋንዳ ለዚያ ክብር የበቃችው በአንድ ቀን ግርግር አይደለም። የሩዋንዳ ዙር የተባለውን፣ ብዙ ቀን የሚፈጀውን ውድድር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2009 ጀምራ በዓለም አቀፉ የውድድር መዝገብ ውስጥ አስገብታ፣ የገጠር መንገዶቿን አንድ በአንድ ለባለ ብስክሌቶች እያስጎበኘች ነው እዚያ የደረሰችው። ስለዚህ ንግግራችንን ከሻምፒዮናው አንሥተን ወደ ዙሩ ብንመልሰው የተሻለ ይሆናል።

የብስክሌት ዙር ማለት መንገዱ በምዕራፍ በምዕራፍ የተከፋፈለ ውድድር ነው። ምዕራፍ የሚለውን ቃል የመረጥነው በከንቱ አይደለም፤ ቃሉ የወጣው ከማረፍ ነውና መንገደኛ የሚያርፍበትን ቦታ ያመለክታል። የጥንቱ የሲራራ ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እያደረ፣ የቀኑን መንገድ በቀኑ እየጨረሰ ወርቅና ቡና ወዳለበት አገር ይደርስ እንደነበረ ከአያቶቻችን ሰምተናል። ባለ ብስክሌቱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጧት ከአንዱ ከተማ ተነሥቶ ማታ ሌላው ከተማ ያድራል፤ የፈጀው ሰዓት ይመዘገባል፤ በማግሥቱ ካደረበት ይቀጥላል። በመጨረሻ የሁሉም ቀን ሰዓት ተደምሮ ትንሹ ድምር ያለው ሰው አሸናፊ ይባላል። አንድም ቀን አንደኛ ሳይወጣ ጠቅላላውን ዙር የሚያሸንፍ ሰው መኖሩ አዲስ ለሚሰማው ሰው ግራ ይመስላል፤ ሲራራ ነጋዴ ግን በደንብ ይገባው ነበር።

ደግሞ ይህን ውድድር የወለደው ጋዜጣ መሆኑን ስናስታውስ፣ ለጋዜጣ የምንጽፍ ሰዎች ትንሽ ኩራት ቢሰማን አይፈረድብንም። በ1903 (አሁንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላም ስለ ውጭ አገር ስንናገር በእነርሱ፣ ስለ አገራችን ስንናገር በራሳችን እንቆጥራለን) በፓሪስ ይታተም የነበረው ሎቶ የተባለው የስፖርት ጋዜጣ ተፎካካሪው እየበለጠበት ተቸግሮ ነበር። ዋና አዘጋጁ ሄንሪ ዴግራንዥና ባልደረቦቹ ገበያ ይስብልናል ብለው ፈረንሳይን በብስክሌት የሚያዞር፣ ስድስት ምዕራፍ ያለው፣ 2,428 ኪሎ ሜትር የሚሆን ውድድር አወጁ። ስድሳ ሰው ተነሣ፤ ሃያ አንድ ሰው ጨረሰ። ያሸነፈው ሞሪስ ጋረን በልጅነቱ የጭስ ማውጫ ጠራጊ የነበረ ሰው ነው። ጋዜጣውም ገበያው ደራለት። ዛሬ በዓለም የታወቀው ቢጫ ማሊያ ቢጫ የሆነው ሎቶ በቢጫ ወረቀት ይታተም ስለነበረ ነው። የኢጣሊያም ዙር በ1909 የተጀመረው በጋዜጣ ነው፤ የመሪው ማሊያ ሮዝ የሆነውም ጋዜጣው በሮዝ ወረቀት ስለሚታተም ነው። የስፓኝም በ1935 እንዲሁ በጋዜጣ ተቋቋመ። አንባቢ በዚያን ዘመን ውድድሩን በዐይኑ የሚያየው በደጃፉ ሲያልፍ ለአንድ አፍታ ብቻ ነበርና፣ የቀረውን ሁሉ ለማወቅ ጋዜጣ መግዛት ነበረበት። በዚህ ሰበብ አንድ የፓሪስ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን የተራራ መንደር ስም ይማር ነበር። የዙር ትልቁ ሥራ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ወደ ሌላው ነገር እንለፍ። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ዙር የአንድ ሰው ድል ይመስላል እንጂ እንዲያ አይደለም። በፈረንሳዩ ዙር እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ሰው ያሰልፋል። ከስምንቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ለማሸነፍ የታጩ ናቸው፤ የቀሩት አገልጋዮች ናቸው። ፈረንሳዮች ዶሜስቲክ ይሏቸዋል፤ አሽከር ማለት ነው። አንዳንዴም ውሃ ተሸካሚ ይሏቸዋል፤ በእርግጥም ከኋላ ከሚከተለው መኪና ጠርሙስ ሙሉ ውሃ በማሊያቸው ውስጥ ሞልተው፣ እንደገና ወደፊት ደርሰው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። የአለቃቸው ጎማ ቢፈነዳ የራሳቸውን ይሰጡታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፋሱን ይከላከሉለታል። ከሌላ ሰው ኋላ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው ሲሶ የሚያህል ድካም ይቆጠብለታል ይባላልና፣ ከፊት ያለው ሰው የሚደክመው ለሌላ ሰው ነው። ሥራውን ሲጨርስ ጉልበቱ ያልቅና ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቴሌቪዥኑም ትቶት ይሄዳል። የመጨረሻው መስመር ላይ አንደኛው ሰው እጁን ሲዘረጋ፣ ይህ ሰው ገና ከብዙ ደቂቃ በኋላ ዝም ብሎ ይገባል።

ከእንደዚህ ያሉት ሰዎች አንዱ የእኛ ሰው ነበር። የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2007 ዓ.ም. የኢጣሊያን ዙር፣ በ2008 ዓ.ም. የፈረንሳይን ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። በፈረንሳዩ ዙር በዚያ ዓመት 198 ሰዎች ተነሥተው 174 ሲጨርሱ እርሱ ከጨረሱት አንዱ ነበር። የቡድኑ ጓደኛ የደቡብ አፍሪካው ሉዊ ማይንቼስ ስምንተኛ ወጣ። በዚያ ስምንተኝነት ውስጥ የጽጋቡ ውሃና የጽጋቡ ነፋስ ምን ያህል እንዳለበት የሚቆጥር መዝገብ የለም። በአገራችንስ ምን ተባለለት? ስንት ሰው የቦሌን መንገድ ሞልቶ ተቀበለው? ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሕዝባችን ዐይኑን የገራው በሌላ ዓይነት ሩጫ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ወርቁን ካመጣበት ቀን ጀምሮ፣ ስፖርት ማለት አንደኛ መግባት፣ አንደኛ መግባት ማለትም ወርቅ ማለት ሆኖብናል። እዚያው ሮማ፣ ከዚያም አስቀድሞ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት ጊዜ፣ ባለ ብስክሌቶችም ተሰልፈው እንደነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? ገረመው ደንቦባ በሁለቱም ላይ ነበሩ። ስማቸውን የማያውቅ ምሩቅ ብዙ ነው።

ሆኖም ያን ነገር ከቶ አናውቀውም ለማለት አንደፍርም። በ1996 ዓ.ም. በአቴና የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ኃይሌ ገብረሥላሴ ወደ ኋላ ሲቀር ዞር እያሉ ይመለከቱት፣ እርምጃቸውንም ለእርሱ ሲሉ ያበርዱት እንደነበረ ያየ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ ሰዉ ግን ስለዚያ ቀን ሲያወራ ከወርቁ ይልቅ ያንን ዞር ማለት ያወራል። እንግዲህ ልቡ አለን ማለት ነው፤ የጎደለን ልማዱ ነው።

አሁን ወደ አሶሳ እንምጣ።

ከእኛ ጋር ከዩኒቨርሲቲ ከወጡት መካከል አንዳንዶቹ ለመንግሥት ሥራ አሶሳ ተመድበዋል። ምደባው በተነገረ ዕለት የአንዳንዱን ፊት ያየ ሰው፣ ለእስራት የተፈረደበት ሊመስለው ይችል ነበር። ዘመድ ሲሰማ «ምን አጠፋህ?» ብሎ የጠየቀም አለ። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው፤ ቆላ ነው፤ ወባ አለ፤ ይህን ሁሉ አንክድም። ነገር ግን አሶሳን የሚያውቃት ሰው ደግሞ ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንደምትገኝ፣ ማንጎዋ የታወቀ እንደሆነ፣ ዩኒቨርሲቲም እንዳላት ይነግራችኋል። በክልሉ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ ከሌላ ቦታ የመጣውም ሰው፣ አብረው ይኖራሉ። አባይ መካከሉን ሰንጥቆ መተከልን በሰሜን፣ አሶሳንና ካማሺን በደቡብ ትቶ ያልፋል።

ስለዚህ ክልል ሰው የሚሰማው ሁለት ወሬ ብቻ ነው። አንደኛው ወሬ ጉባ ላይ የተሠራው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል፤ ተማሪና ሠራተኛ፣ ገበሬና ነጋዴ ከኪሱ አዋጥቶበታል። ሁለተኛው ወሬ የሞት ወሬ ነው። በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. በመተከል በቡለን ወረዳ በበኩጂ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን መገደላቸው የተነገረውን የረሳ ሰው ያለ አይመስለንም። ከእነዚህ ከሁለቱ ወሬዎች መካከል ያለው ግን ሰፊ ነው። ባምባሲ ገበያ ምን ይሸጣል? ሆሞሻ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ? የዳቡስ ወንዝ የት ጋ ይሻገሩታል? ይህን የሚመልስ የአዲስ አበባ ተማሪ እምብዛም አናገኝም። የፈረንሳይን ተራሮች ስም ግን በቅደም ተከተል የሚነግሩን አሉ፤ በየዓመቱ በሐምሌ ዙሩን በቴሌቪዥን ስለሚያዩ ነው። ዕውቀታቸውን አንነቅፍም፤ ያስተማራቸው ዙር መሆኑን ግን አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉልን።

እስቲ በሐሳብ አንድ የአገር ዙር እናውጣ። ከአዲስ አበባ ተነሥተን አምቦ፤ ከአምቦ ነቀምቴ፤ ከነቀምቴ ቁልቁል ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርደን፣ በሙቀቱ ውስጥ ወንዙን ተሻግረን፣ እንደገና ወደ ጊምቢ መውጣት። ይህ ምዕራፍ ብቻውን ብዙ ሰው የሚጥል ይመስለናል። ከዚያ ነጆ፣ መንዲ፤ ዳቡስን አልፎ ባምባሲ፤ በመጨረሻም አሶሳ። ዳገት የሚወድ ሰው ዳገት፣ ፍጥነት የሚወድ ሰው ቁልቁለት ያገኛል። የጨከነ ደግሞ ከአሶሳ ወደ ግድቡ ይውረድ፤ ሐይቁ ሲሞላ የውሃው ከፍታ 640 ሜትር ነውና ከ900 ሜትር በላይ መውረድ ይሆናል። የመልሱን ጉዞ አያድርስ ነው።

እዚህ ላይ ቁም ነገረኛ አንባቢ እስክሪብቶውን እንደሚያነሣ እናውቃለን። ይህ ያላችሁት መንገድ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ መታወክ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ሕዝቡ በሌላ በኩል ሲዞር፣ ነጋዴው ዕቃ ሲያጣ፣ በሽተኛው ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሲቀር፣ እናንተ የብስክሌት ጨዋታ ታወራላችሁን? ይለናል። ተገቢ ቁጣ ነው። እኛም የምንለው ጨዋታው ከመንገዱ ይቅደም አይደለም። መንገዱ ለአህያ ነጂውና ለአውቶቡሱ ሰላም ሳይሆን ለአንድ ሳምንት በወታደር ታጥሮ ለባለ ብስክሌት ቢከፈት፣ ያ ዙር ሳይሆን ትያትር ነው። በዚህ ነገር ላይ ከዙር ወዳጆች ጋር እንኳ አንስማማም፤ አንዳንዶቹ «ውድድሩ ይምጣ፣ ሰላሙ ይከተላል» ሲሉ ሰምተናልና።

ነገር ግን «ሁሉም ነገር እስኪስተካከል እንቆይ» የሚለውን ሐሳብ ደግሞ የፈረንሳዮች ታሪክ አይደግፈውም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በኅዳር 1918 ቆመ። በሚቀጥለው ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ዴግራንዥ ዙሩን እንደገና አስነሣ። መንገዱ በመድፍ ታርሷል፤ ጎማ አይገኝም፤ ከቀድሞ አሸናፊዎች መካከል በጦርነቱ የሞቱ አሉ። ይህ ሁሉ ሳለ ሰውየው ምን አደረገ? መንገዱን በጀርመን ተይዘው ወደ ፈረንሳይ ወደተመለሱት ከተሞች ወደ ስትራስቡርግና ወደ ሜትስ አዞረው። ከ67 ሰዎች የጨረሱት 10 ብቻ ናቸው ተብሎ ተመዘገበ። ቢጫው ማሊያም የተፈለሰፈው በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ባለ ማሊያ ኦዤን ክሪስቶፍ ዙሩ ሊያልቅ ሲል ብስክሌቱ ተሰብሮበት ወርዶ ሲጠግን ብዙ ሰዓት አጥቶ ድሉ አመለጠው። ለስትራስቡርግ ሰው ግን ያ ውድድር ምን እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። ከፓሪስ የመጣ ሰው ላቡን እያንጠፈጠፈ በደጁ አልፏል፤ የከተማው ስምም በማግሥቱ በፓሪስ ጋዜጣ ላይ ታትሟል።

የሩዋንዳም ነገር ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ1994 ከደረሰው እልቂት በኋላ ብስክሌት ቂምን አጠበ ብለን አንሰብክም፤ ይህን የሚያህል ነገር በጎማ አይታጠብም። ነገር ግን ወንድሞቹን በእልቂቱ ያጣው አድሪየን ኒዮንሹቲ በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ የአገሩን ባንዲራ ይዞ የገባው በብስክሌት ነው። ጎረቤታችን ኤርትራም ጣሊያኖች የተዉላትን የ1946ቱን ዙር ልማድ አድርጋ ስለያዘች፣ በ2024 ቢንያም ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። ከጥቁር አፍሪካውያን በዚያ ዙር ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ከእርሱ በፊት ግን ውሃ የተሸከሙ ብዙ ነበሩ።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱንም ሆን ብለን ነው። ከውጭ ማንም አይጠራ፤ የዓለም አቀፉም ማኅበር ፈቃድ አይጠየቅ። ሦስት ቀን ይበቃል። አንዱ ቀን ከአሶሳ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ባምባሲ ደርሶ መመለስ፤ አንዱ ቀን ወደ ሆሞሻ፤ አንዱ ቀን በከተማው ውስጥ መዞር ይሁን። ኩርሙክ ለጊዜው ትቆይ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ስደተኛ የሚገባበት በር ናትና ሌላ የሚያሳስባት ነገር አላት። የክልሉ ስፖርት ቢሮ መንገዱን ይያዝ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሰዓት ይመዝግቡ፤ ሂሳብ የሚማሩት የሦስቱን ቀን ድምር ይሥሩ። ባለ ማርሽ ብስክሌት የሌለው ተራውን ይዞ ይምጣ። ጋናውያን ከቀርከሃ የብስክሌት አካል ሠርተው እየሸጡ ነው፤ የአሶሳ ዙሪያ ደግሞ የቆላ ቀርከሃ አገር ነው። ይህን ነገር የሚሞክር የእጅ ባለሙያ ቢገኝ ደስታችን ነው፤ ባይገኝም ውድድሩ ስለዚህ አይቀርም።

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቀን እንከራከራለን። ውድድሩ በቡድን ይሁን፤ ቡድኑም በወረዳና በብሔር አይከፈል። የአንዱ ቡድን አራት ሰው ከአራት ሰፈር ይውጣ። የበርታው ልጅ ለሺናሻው ነፋስ ይከላከል፤ ከወሎ ወይም ከወለጋ ወላጆች የተወለደው ለጉሙዙ ውሃ ያቀብል። በወረዳ ከከፈሉት፣ ካሁን ቀደም በየሜዳው እንዳየነው፣ ጨዋታው የድንጋይ ውርወራ ሰበብ ሊሆን ይችላል። በዙር ልማድ ደግሞ ለአንደኛው የሚሰጠው ሽልማት በቡድኑ መካከል የሚካፈል ነው። ይህን የፈረንሳይ ልማድ መቅዳት ገንዘብ አይጠይቅም።

አሶሳ የተመደቡት ጓደኞቻችንም ሥራ ያገኛሉ። መንገድ ማስጠረግ፣ ከሽማግሌዎች ጋር መነጋገር፣ አምቡላንስ ማቆም፣ የውሃ ጠርሙስ መቁጠር፣ ከብት መንገድ እንዳይገባ እረኛውን መለመን አለ። ይህ ሁሉ ስም የማያወጣ ሥራ ነው። ሪፖርት ላይ ሁለት መስመር ይወጣው ይሆናል።

ለጋዜጦቻችን ደግሞ አደራ አለን። በፈረንሳዩ ዙር መጨረሻ የሚወጣው ሰው «ቀይ ፋኖስ» ይባላል፤ በባቡር የመጨረሻ ፉርጎ ላይ ከሚሰቀለው ቀይ መብራት የተወሰደ ስም ነው፤ ስሙም ሰዓቱም ከአሸናፊው ጋር ይታተማል። የአሶሳው ዙር የሆነ እንደሆነ፣ ዘጋቢው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች ጽፎ እንዳያበቃ እንለምናለን። ዝርዝሩ እስከ መጨረሻው ልጅ፣ ከነሰፈሩና ከነፈጀው ሰዓት፣ በሙሉ ይውጣ።